ይህቺ ጽጌረዳ ማን ናት? ስሟ የጠፋ የድሮ አበባ ስለ መለየት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። ጠረጴዛው ላይ አኑሩት፣ መጨረሻ ላይ አብረን እናየዋለን። ከኋላ በኩል ውሃ ያለበት ባልዲ አለ።

ከሰው የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ይመጣል። አንድ ሮዝ ቀለም ያለው ደርብርብ አበባ፣ ከፊት ለፊት የተነሳ፣ በጣም የሚያምር። ከሥሩ "ይቺ ምን የምትባል ጽጌረዳ ናት? ከአያቴ ግቢ ነው ያገኘኋት" ይላል። መልሴም አንድ ዓይነት ነው፤ እንጃ። ስም ወጥቶላቸው የሚታወቁ የጽጌረዳ ዓይነቶች በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ከነዚህ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውና ደርብርብ የሆነው ስንቱ እንደሆነ አስቡት። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ግን አያፍርም። በሁለት ሰከንድ ስም ይሰጣችኋል። ያችኑ አበባ ከጎን አንሱና ስጡት፣ ሌላ ስም ሊነግራችሁ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ዛሬ የምላችሁ ነገር ይሄ ነው። ስም ከመፈለጋችሁ በፊት ተክሏን ግለጿት። በደንብ የተገለጸች ጽጌረዳ ስሟ ቢሳሳትም፣ ቢቀየርም ትገኛለች። ያልተገለጸች ግን ስም ብትይዝም ያው ጠፍታለች። ለዚህ የሚሆን ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የወጣ ታሪክ አለኝ። እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ "ድሮ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። የአሜሪካ የጽጌረዳ ማኅበር መስመሩን 1867 ላይ አስምሯል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ጊዮ የሚባል የሊዮን አትክልተኛ "ላ ፍራንስ" የተባለችውን ጽጌረዳ አወጣ። የዘመናዊዎቹ እናት ተደርጋ የምትቆጠረው እሷ ናት። ከዚያ በፊት የነበሩት የዘር ቡድኖች የድሮ ይባላሉ። የአያታችን ግቢ ጽጌረዳ ግን በዚህ መለኪያ ድሮ ላትሆን ትችላለች። ቢጫ ሆና ጠርዟ ወደ ሮዝ የሚሄድ ትልቅ አበባ ከሆነች "ፒስ" የምትባለውን ጠርጥሩ። እሷ ገበያ ላይ የዋለችው በ1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ነው። ሰማንያ ዓመት ለቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለጽጌረዳ ግን ትናንት ነው። ይሄን ስል ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ። ምን ላድርግ?

ቀጥሎ ጎንበስ ብላችሁ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። ከሱቅ የሚገዙ ብዙ ጽጌረዳዎች ሁለት ተክሎች ናቸው። ሥሩ የአንዱ፣ አበባው የሌላው፣ በግራፍት የተያያዙ። የላይኛው ሲሞት ሥሩ ላይሞት ይችላል። የራሱን ቅርንጫፍ ያወጣና ቦታውን ይወርሳል። አሜሪካ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ከጓሮ አገኘናት ብለው ፎቶ ይልካሉ። ረጃጅም ቅርንጫፍ፣ ጥቁር ቀይ አበባ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምታብብ። እንዲህ ያለችው አብዛኛውን ጊዜ "ዶክተር ሁዊ" ናት። ጆርጅ ቶማስ የሚባል አሜሪካዊ አዳቅሎ ያወጣት፣ በአንድ የፊላዴልፊያ የጥርስ ሐኪም ስም የተሰየመች ጽጌረዳ ናት። ለአበባዋ ብሎ የሚተክላት ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ለሥርነት ግን አገሩን ሞልታዋለች። ስለዚህ ያች "ያልታወቀች ጥንታዊ ጽጌረዳ" ማንም ሆን ብሎ ያልተከላት ልትሆን ትችላለች።

እኛ ጋ የድሮ ግቢ ጽጌረዳ የተዛመተችበት መንገድ ሌላ ነው። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ገብቶ "ከዚች አንድ ቆርጬ ልውሰድ?" ይላል። ቆርጦ ይወስዳል፣ ይተክላል፣ ይጸድቃል። እንዲህ የመጣች ጽጌረዳ በራሷ ሥር የቆመች ናት። ሰው ከሰው እየተቀባበለ ስላመጣት ደግሞ ዱካዋ ያለው ሰው ጋ ነው። "እማማ፣ ይቺን አበባ ማን ሰጠዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። እሳቸው አንድ ሰው ይጠራሉ። ወደዚያ ሰው ሂዱ። ሠፈሩ ውስጥ የኤምባሲ አትክልተኛ የነበረ ሰው አለ? ሚሲዮን ትምህርት ቤት አለ? የሠርግ አልበም አውጡና ከሙሽሮቹ ኋላ ያለውን ቁጥቋጦ ተመልከቱ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ተክሏ በየትኛው ዓመት እዚያ እንደነበረች ይነግራችኋል። አንድ ዓይነት ከ1970 በኋላ የወጣ ከሆነና አበባዋ በ1960 ፎቶ ላይ ካለች፣ ያ ስም ወዲያውኑ ተሰረዘ ማለት ነው። ስም መሰረዝ ስም ከማግኘት ይቀላል፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ተክሏ እንምጣ። አንድ እምቡጥ ቁረጡና ገልብጡት። አበባውን የሸፈኑ አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ። ጠርዛቸውን በደንብ እዩ። በብዙ የድሮ ጽጌረዳዎች ላይ አምስቱ እኩል አይደሉም። ሁለቱ ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ላይ ጢም የመሰለ ተቀጥላ አላቸው። ሁለቱ ምንም የላቸውም። አምስተኛው በአንድ ጎኑ ብቻ አለው። ነገሩ ተአምር አይደለም። እምቡጡ ውስጥ ሲደራረቡ ውጭ የቀረው ጠርዝ ጢም ያወጣል፣ ከሌላው ሥር የተሸጎጠው ባዶውን ይቀራል። እናንተ የምትመዘግቡት ጢሙ ረጅም ይሁን አጭር፣ ቅጠል ይምሰል ወይስ ክር፣ የእምቡጡ ሽፋን ጫፍ ከእምቡጡ አልፎ ይሂድ አይሂድ ነው። ከዚያ በጣታችሁ እሹት። ጣታችሁን ካጣበቀውና የጥድ ሙጫ ከሸተታችሁ፣ እምቡጧም በአረንጓዴ ፀጉር ከተሸፈነ "ሞስ" ከሚባሉት ወገን ናት። ያ አንድ ሽታ ፍለጋውን ከሺዎች ወደ መቶዎች ያወርድላችኋል።

የቅጠሉ አገዳ ከቅርንጫፉ ጋር ሲገናኝ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ክንፎች አሉት። ከቁብ የሚቆጥራቸው የለም። ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተቆራርጦ ከታየ ሙልቲፍሎራ የሚባለው የእስያ ዝርያ ደም አለባት ማለት ነው። እሱ ደግሞ ለሥርነትም የሚያገለግል ስለሆነ ከላይ ያልኳችሁን ጥርጣሬ አስታውሱ።

የአበባዋን መሐል ለማየት ሌንስ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከቀጋ የተሻለ መምህር የለም። ቀጋ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። በደጋው አጥር ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፍሬውን ያልበላ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ነጭ አበባውን ገንጥላችሁ መሐሉን እዩት። ከሴቴው ክፍል የሚወጡት ቀጫጭን ዘንጎች ለየብቻቸው አልቆሙም። ተጣብቀው አንድ ዓምድ ሆነዋል። አሁን የግቢያችሁን ጽጌረዳ እዩ። ዘንጎቿ ተለያይተው፣ አጠር ብለው፣ አንድ ላይ ከታጨቁ ወገኗ ሌላ ነው። ይሄን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶ ላይ ግን በጭራሽ አይታይም።

ሌላው ትዕግሥት የሚፈልገው ቀለም ነው። የተከፈተ አበባ ላይ ክር እሰሩና በየቀኑ ተመለሱበት። የጥንት አውሮፓ ጽጌረዳዎች ፀሐይ ሲመታቸው ይገረጣሉ። ከቻይና የመጡት ብዙዎቹ በተቃራኒው ይጠቁራሉ። "ኦልድ ብለሽ" የምትባለው የቻይና ጽጌረዳ ፈዛዛ ሆና ትከፈትና ፀሐይ ባያት ቁጥር ትደምቃለች። እሷና እህቶቿ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ሲደርሱ አትክልተኛው ሁሉ ጉድ አለ፤ ምክንያቱም ደጋግመው ያብቡ ነበር። የአውሮፓዎቹ ከአንዲት ከደማስቆ ጽጌረዳ ዓይነት በቀር በዓመት አንዴ ነበር የሚያብቡት። ዛሬ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ በአውሮፕላን የሚላኩት ጽጌረዳዎች ዓመቱን ሙሉ ማበባቸውን ያገኙት ከነዚያ የቻይና እናቶች ነው።

እዚህ ላይ የፈረንጅ መጽሐፍ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። "በሰኔ ብቻ ያብባል" ይላል። ሰኔ እዚያ በጋ ነው፤ እኛ ጋ ዝናብ። እንደነሱ ምድሩ በበረዶ የሚሸፈንበት ወቅትም የለንም። ስለዚህ ወሩን ተዉትና ቅርንጫፉን እዩ። አንዴ ብቻ የምታብበዋ ጽጌረዳ አበባዋን የምታወጣው ባለፈው ዓመት ባደገ እንጨት ላይ ነው። ደጋግማ የምታብበዋ ዘንድሮ ባወጣችው አዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይም ታብባለች። ይሄ ምልክት አዲስ አበባም ፓሪስም ይሠራል።

አሁን ያልኳችሁ ታሪክ።

ከ1839 እስከ 1843 ቴዎፊል ለፌቭር የሚባል የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን የመራው ቡድን በአገራችን ሰሜን ተዘዋወረ። ዕፅዋትና እንስሳት የሚሰበስቡ ሁለት ሰዎች አብረውት ነበሩ፤ ካርታን ዲሎንና አንቷን ፔቲ። ሁለቱም አልተመለሱም። ካርታን ዲሎንን ንዳድ ገደለው። ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት የደረቀ ቅጠል ግን ፓሪስ ደረሰ። እዚያ አሺል ሪሻር የሚባል የዕፅዋት ሊቅ አንድ በአንድ ገልጾ ከ1847 እስከ 1851 በሁለት ቅጽ በላቲን አሳተመው። ሪሻር አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ሥራው ሁሉ ከደረቀ ቅጠል ነው።

ከነዚያ ውስጥ አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። በትግራይ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የተተከለች። ቀጋ አልነበረችም። ዝቅ ብላ የምትሰፋ ቁጥቋጦ ናት። ቅጠሎቿ በላይ በኩል ሸካራ፣ በታች በኩል ጸጉራም ናቸው። አበባዋ ነጠላ፣ አምስት ቅጠል ብቻ፣ ሰፊ፣ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ወደ ነጭ የሚሸሽ። የእምቡጧ ሽፋኖች ትልልቅና ጫፋቸው የረዘመ፣ በጠርዛቸው ቅጠል የመሰለ ጢም ያላቸው። ከሴቴው ክፍል የሚወጡት ዘንጎች ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ የቀጋ ዓምድ የላትም። ሪሻር ያገኛትን ቦታ አይቶ "ሮዛ ሳንክታ"፣ ቅድስት ጽጌረዳ አላት።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ፍሊንደርስ ፒትሪ የሚባል እንግሊዛዊ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ ግብጽ ውስጥ ፋዩም አጠገብ ሃዋራ ላይ መቃብር ይቆፍር ነበር። መቃብሮቹ የሮማውያን ዘመን ናቸው። በአስከሬኖቹ ላይ የአበባ ጉንጉን ተገኘ። ዕፅዋቱን የመረመረው ፐርሲ ኒውቤሪ ነበር። ጽጌረዳዎቹ ሳይከፈቱ የተቀጠፉ ናቸው አለ፤ ቅጠላቸው እንዳይረግፍ። ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ሲደርቁ ተጨማደው ተጠቅልለዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አርሶ ሲከፍታቸው የወንዴው ክፍሎች ምንም ሳይሆኑ ታዩት። ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ አበባ ነው። የተወሰነው ዛሬ ለንደን ኪው ባለው የዕፅዋት ስብስብ ውስጥ አለ።

ጥያቄው ታዲያ የመጣችሁበት ጥያቄ ነው፤ ይቺ ጽጌረዳ ማን ናት? የሚጠየቅ የቤት ባለቤት የለም። ቀለም የለም፣ ሽታ የለም። ፍራንሷ ክሬፓን የብራሰልስ የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ነበር፤ በዘመኑ ጽጌረዳ በማወቅ የሚስተካከለው አልነበረም። የሃዋራዎቹን ቅሪት መርምሮ ሮዛ ሳንክታ ናት አለ። የትግራዩዋ። ይሄን ለማለት የቻለው የሚያመሳክረው የተጻፈ መግለጫ ስለነበረ ነው። ሪሻር "በትግራይ ቤተ ክርስቲያን የምትተከል የምታምር ሮዝ አበባ" ብሎ ብቻ ቢያልፍ ኖሮ ክሬፓን ምን ይይዝ ነበር?

ስሟ ግን አልቆየም። ሮዛ ሳንክታ የሚለው ስም ቀድሞ ለሌላ ጽጌረዳ ወጥቶ ስለነበር በሕጉ መሠረት አይሠራም። በ1922 አልፍሬድ ሬደር የሚባል አሜሪካ የሚሠራ ሊቅ ለሪሻር መታሰቢያ ሮዛ ሪቻርዲ ብሎ ቀየረው። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ችግኟ ይሸጣል። "የአቢሲኒያ ቅድስት ጽጌረዳ" ይሏታል። እኛ ከምናውቃት ይልቅ እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች ሳያውቋት አይቀሩም፤ ይሄ ትንሽ ይቆጨኛል።

ማን አመጣት የሚለውማ ሌላ ወግ ነው። አንዳንድ የጽጌረዳ ጸሐፊዎች አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስትናው ጋር አመጧት ይላሉ። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ናቸው፤ ጢሮስ ፊንቄ ናት፤ ከጽጌረዳዋ ወላጆች አንዷ የፊንቄ ጽጌረዳ ናት ተብሎ ተገምቷል፤ ስለዚህ ተገጣጠመ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን አልገዛውም። ከግብጽ ጋር የነበረን የቤተ ክርስቲያን ግንኙነት ብዙ መቶ ዓመት ነው፤ በየትኛውም ጊዜ ማንም መነኩሴ ቅርንጫፍ ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር። ታሪኩ የቆመው በግምት ላይ ግምት ተደርቦ ነው።

ግምቱ ራሱ ደግሞ የሚያጠራጥር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ቻርልስ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ የዘር ተመራማሪ የብዙ ጽጌረዳዎችን ወላጆች ሲገምት፣ በበጋ የምታብበዋን የደማስቆ ጽጌረዳም ጋሊካ ከምትባለው የጥንት አውሮፓ ጽጌረዳና ከፊንቄ ጽጌረዳ የተወለደች ነች ብሎ ነበር። መጻሕፍት ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ይሄንኑ ገለበጡ። በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች ዲኤንኤዋን ሲያዩ የፊንቄዋ ጭራሽ የለችም። ሦስት ወላጆች ተገኙ፤ ጋሊካ፣ ሞስካታና ማንም ያላሰባት የመካከለኛው እስያ ፌድቼንኮአና። ስለ ትግራዩዋ ወላጆች የምታነቡትንም በዚህ ዓይን አንብቡት።

"ታዲያ ዲኤንኤ ካለ ይሄ ሁሉ ሌንስ ለምን?" ትሉኛላችሁ። ዲኤንኤ የሚያወዳድረው ካለ ነገር ጋር ነው። በትክክል የታወቀ ናሙና ከሌለ ውጤቱ "ከእነ እንትና ጋር ትቀራረባለች" ብቻ ይሆናል። ያንን ናሙና ለይቶ ያስቀመጠው ደግሞ ሌንስ የያዘ ሰው ነው።

ስሟ ካልተገኘስ? በቀላሉ ላይገኝ ይችላል፤ ችግር የለውም። ጊዜያዊ ስም ስጧት። ቤርሙዳ ደሴት ላይ ስማቸው የጠፋ ብዙ የድሮ ጽጌረዳዎች አሉ። የደሴቲቱ የጽጌረዳ ማኅበር "ምስጢራዊ ጽጌረዳዎች" ይላቸዋል፤ አንዳንዶቹን በተገኙበት ቦታ ጠርቷቸዋል። አንዷ በአጥቢያዋ "ስሚዝስ ፓሪሽ" ተብላለች፤ አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ ቀይ መስመር ያለበት አበባ ታወጣለች። እናንተም "የጉለሌዋ" ወይም "የጎንደር ቀበሌ ሦስቷ" በሉ። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉት። ጥቅሱ "ይሄ የኛ ነው፣ እውነተኛው አይደለም" ማለት ነው። አንዴ የተሳሳተ እውነተኛ ስም ከለጠፋችሁ ግን ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል፣ ማንም አያነሳውም።

አንድ የማያስተኛኝ ነገር አለ። የድሮ ግቢዎች በፍጥነት እየፈረሱ ነው። ፒያሳን አይታችኋል። ቤቱ ሲፈርስ ታሪኩን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ አጥር ሥር ያለችው ጽጌረዳ ግን ከፍርስራሹ ጋር ተጭና ትሄዳለች። ስለዚህ ከመለየቱም በፊት ቁረጡ። አስፈቅዳችሁ፣ አበባው ገና የረገፈ፣ የእርሳስ ያህል የወፈረ ቅርንጫፍ ውሰዱ። አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። ላይኛው ላይ አንድ ሁለት ቅጠል ትታችሁ የታችኛውን አራግፉ፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ጥላ ሥር አድርጉት። ክረምቱ ሲገባ ብትተክሉት የተሻለ ነው። አንድ አትትከሉ፤ አምስት ትከሉ፣ ሁለቱን ለሌላ ሰው ስጡ።

ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ ለማድረቅ። አበባ፣ እምቡጥ፣ ቅጠል፣ እሾህ፣ ከተገኘም ፍሬ ያለበት ይሁን። ጋዜጣ መሐል ዘርጉትና ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ሲደርቅ የሚጠፉትን ነገሮች ቀድማችሁ ጻፉ፤ ቀለሟን፣ ሽታዋን፣ ቁመቷን፣ ማን እንደሰጣችሁ፣ ግቢው የት እንደሆነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት የሚጠበቁበት ቤት ነው። እንዲህ ተዘጋጅታ የሄደች ቅርንጫፍ የሚያነጋግራት ሰው ታገኛለች።

ከመካከላችሁ አድዋ፣ አክሱም፣ ዓጋመ ዘመድ ያለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምን። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዝቅ ያለች፣ ነጠላና ሰፊ ፈዛዛ ሮዝ አበባ ያላት ጽጌረዳ ካያችሁ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ። ከማን ዘመን ጀምሮ እንዳለችና በምን በዓል አበባዋ እንደሚቀጠፍ ጠይቁ፣ የሚሉትን ጻፉ። አትንቀሉ፣ ሳይፈቀድላችሁም አትቁረጡ። ፎቶ ከተፈቀደ እምቡጡን ገልብጣችሁ አንሱት፣ መሐሏንም ጨምሩ።

በሉ፣ አሁን ጋዜጣውን ፍቱ። ሌንሱ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው። ከቀዩ እንጀምር፤ የማን ነው?